ከደረቀ ዋንዛ ቅርፊት ሥር የወጡ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች፦ እንጨቱን ይበሉታል?

ሳሙና በር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ጎንደር ውስጥ በግቢያችን አባቴ የተከለው ትልቅ ዋንዛ ነበር። ካቻምና ከአንድ ወገን መድረቅ ጀመረ፤ ዘንድሮ ጨርሶ ስለሞተ ቤት ላይ ከመውደቁ በፊት አስቆረጥነው። ግንዱን ከሦስት ከፍለን ከአጥሩ ጥግ መሬት ላይ አጋደምነውና ክረምቱ እዚያው አለፈበት። አሁን ለበርና ለአግዳሚ ወንበር የሚሆን ሳንቃ ላስወጣበት ብዬ ቅርፊቱን በመጥረቢያ ጫፍ ፈንቀል ባደርገው ያላሰብኩት ነገር ወጣ።

ቅርፊቱ ያለ ትግል ነው የተላቀቀው። በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ነጭ ሻጋታ ተነጥፏል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ሲነኩት ጣት የሚያቀልም ጥቁር ዱቄት አለ። በዚያ ላይ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ይርመሰመሳሉ። ርዝመታቸው ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቀለማቸው ቀይ ቡናማ፣ ሰውነታቸው ጠፍጣፋ። ብርሃን ሲያገኛቸው አይበሩም፤ ወደ ጎን እየሮጡ ስንጥቅ ውስጥ ይሸሸጋሉ። አብረዋቸው ነጣ ያሉ፣ ከፊት በኩል እግር ያላቸው ቀጫጭን ትሎች አሉ።

ዛፉን የገደሉት እነዚህ ይሆኑ? እንጨቱንስ ይበሉታል? ቤት ባስገባው ወደ ጣሪያው ማገር የሚሻገሩ ከሆነ ለማገዶ ፈልጬ ልገላገለው።

አይምሬ

ወንድሜ፣ ብዙ አትጨነቅ። ከመድኃኒት መሸጫ ፀረ ተባይ ገዝተህ ግንዱን ዙሪያውን እርጨው፣ ከዚያ በላስቲክ ጠቅልለው። በሦስተኛው ቀን አንድም አታገኝም። ያ ካልሆነልህ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው።

አናጺ ከአራዳ

የተቃጠለ ዘይት ለአጥር ቋሚ ነው እንጂ ለበር ሳንቃ ነው እንዴ? ዘይት የጠጣ ዋንዛ ሙጫም አይዝ፣ ቀለምም አይቀበል። እርጥብ ግንድ በላስቲክ መጠቅለልም ሻጋታውን መቀለብ ነው።

ሳሙና በር፣ እኔ በዚህ ሙያ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ፤ ዋንዛን ለማገዶ መፍለጥ ግፍ ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር አጣራልኝ። ቅርፊቱን ካነሳህ በኋላ እንጨቱን በጨርቅ ጥረገውና እየው። ቀዳዳ አለው? ካለውስ ክብ ነው፣ ጠርዙ ጠቁሯል? ስታንኳኳው ከቀዳዳው ዱቄት ይረግፋል? ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ሳሙና በር

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እንዳሉኝ ጠርጌ አየሁት። ሁለቱ ወፍራም ግንዶች ላይ ምንም ቀዳዳ የለም፤ ሻጋታውና ጥንዚዛዎቹ ብቻ ናቸው። ከላይኛው ቀጭን ግንድ ላይ ግን የመርፌ ቁልፍ ጫፍ የምታክል ክብ ቀዳዳ እዚህም እዚያም አለች፤ ጠርዟ ጥቁር ነው። ሳንኳኳው ምንም አልረገፈም።

ሰብል ጥበቃ

ሳሙና በር በደንብ ስላየህ ነገሩ ቀሏል። ግንዶችህ ላይ ያረፉት እንግዶች ሁለት ዓይነት ናቸው።

ጠፍጣፎቹ ሻጋታ በሎች ናቸው። እንጨት አይቦረቡሩም። የሚለቅሙት በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል የተዘረጋውን የፈንገስ ክርና ያንን ጣትህን ያቀለመውን ጥቁር ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ ፈንገሱ የሚራባበት ዘር ነው። ሲልቫኒዴ እና ላይሞፍሊይዴ በተባሉት የጥንዚዛ ቤተሰቦች ውስጥ እንዲህ የሚኖሩ ዝርያዎች ብዙ ናቸው። ሰውነታቸው የተደፈጠጠው ለዚያች ጠባብ ክፍተት ነው፤ ቅርፊት ከእንጨት ሲለቅ የሚተወው ቦታ ወረቀት ቢያስገባ ነው፣ እነሱ ግን ይሮጡበታል። ነጫጮቹ ትሎች እጮቻቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ማዕዱ አንድ ነው። ስለዚህ እነዚህን በዛፉ ሞት አትክሰሳቸው። የመጡት ዛፉ ከሞተ፣ ቅርፊቱ ከላላ፣ ሻጋታውም ከተነጠፈ በኋላ ነው።

ቀጭኑ ግንድ ላይ ያሉት ጥቁር ጠርዝ ያላቸው ቀዳዳዎች የሌላ ጥንዚዛ ሥራ ናቸው፤ አምብሮሲያ ጥንዚዛ ይባላል። እኔ በበኩሌ ከነፍሳት ሁሉ የሚደንቀኝ እሱ ነው። እንጨቱን ይበሳል እንጂ እንጨት አይበላም። እናቲቱ በሰውነቷ ላይ ባለች ልዩ ኪስ የፈንገስ ዘር ይዛ ትመጣለች፤ ዋሻዋን ትቆፍራለች፣ ፈንገሱን በግድግዳው ላይ ትዘራለች፣ እየተንከባከበች ታሳድገዋለች፣ እሷም ልጆቿም የሚመገቡት ያንን አዝመራ ነው። የቀዳዳው ጠርዝ የጠቆረው ከፈንገሱ የተነሳ ነው። እኛ እርሻ ከመጀመራችን በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቀድመው ገበሬ ሆነዋል። በአንዳንዶቹ ወገኖች ወንዶቹ ጥቂትና መብረር የማይችሉ ናቸው፤ እዚያው ዋሻ ውስጥ ተወልደው፣ ከእህቶቻቸው ጋር ተዳቅለው፣ እዚያው ይሞታሉ። የባሕር ዛፍ አገር በሆነችው አውስትራሊያ ደግሞ በሕያው ባሕር ዛፍ ውስጥ የሚኖር አንድ ዝርያ አለ፤ አንዲት እናት ትወልዳለች፣ ሴቶች ልጆቿ ሳይወልዱ ዋሻውን ይጠብቃሉ። ይህ በአንድ የሳይንስ መጽሔት የታወጀው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እንደ ንብ፣ ጉንዳንና ምስጥ ያለው ኑሮ በጥንዚዛ ዘንድ አይታወቅም ነበር።

ዋናው ነገር ሁለቱም ያለ ፈንገስ፣ ፈንገስም ያለ እርጥበት አይኖርም። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ አብስባሽ ፈንገስ ማደግ ያቆማል፤ ጥንዚዛዎቹም ወይ ይሄዳሉ ወይ ይሞታሉ። የደረቀ የጣሪያ ማገር ላይ የሚበሉት የለም። መርዝ የምትረጨው ምኑ ላይ ነው?

ዳባቴ

የተማረው ወንድማችን ያለው ጥሩ ነው፤ እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ሻጋታው ከየት መጣ? ጥንዚዛው ዘሩን ይዞ መጥቶ እንዳልዘራው በምን ታውቃለህ? እዚያኛው ላይ «ኪስ አላት፣ ይዛ ትመጣለች» ብለሃል። እንግዲያው ዋንዛው ገና ሳይሞት ገብታ ዘርታበት ቢሆንስ? እኛ ዘንድ ዛፍ ሲታመም መጀመሪያ የሚታየው ቀዳዳው ነው።

ሰብል ጥበቃ

ዳባቴ፣ ጥያቄህ መሠረታዊ ነው። ፈንገስ በብዙ መንገድ ይገባል፤ በነፋስ፣ በዝናብ ፍንጣቂ፣ በመጥረቢያ ቁስል፣ በሥር በኩል። ጠፍጣፎቹ ጥንዚዛዎችም በእግራቸውና በሆዳቸው ዘር ይዘው ከግንድ ግንድ ያዳርሳሉ፤ ያ እውነት ነው። ዳሩ ግን የሚያዳርሱት ከሙት ወደ ሙት ነው።

አምብሮሲያ ላይ ግን ስጋትህ ተገቢ ነው። አብዛኞቹ የሚመርጡት የሞተ ወይም ሊሞት የተቃረበ ዛፍ ነው። በድርቅ፣ በውኃ ማቆር ወይም በሥር መቆረጥ የተጨነቀ ዛፍ አልኮል ያመነጫል፤ ጥንዚዛዋ ያንን ሽታ ተከትላ ትመጣለች። ተመራማሪዎች ሲያጠምዷቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ መስኮት ቀደው ከውስጡ አልኮል ያደርጋሉ፤ አረቄ ወዳድ ናቸው ማለት ነው። እና ዳባት ላይ ቀዳዳውን መጀመሪያ ብታየውም ዛፉ ከውስጥ የታመመው ከዚያ በፊት ሊሆን ይችላል።

ጤነኛ ዛፍ የሚደፍሩም አሉ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ላይ ቀንበጥ እየበሳች የምታደርቅ ጥቁር ትንሽ ጥንዚዛ ችግር ሆናለች። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የገባች አንዲት ዝርያ ይዛው በመጣችው ፈንገስ የተነሳ በየከተማው የመንገድ ዳር ዛፎች እየሞቱ ነው። ስለዚህ ሕያው ዛፍ ላይ አዲስ ቀዳዳና ከቀዳዳው የሚወጣ ቀጭን የእንጨት ብናኝ ካየህ ዝም አትበል፣ ለወረዳው ግብርና አሳየው። የሳሙና በር ዋንዛ ግን ቀዳዳው ከላይ በቀጭኑ ክፍል ብቻ መሆኑና መድረቁ ከአንድ ወገን መጀመሩ ሥሩ ተጎድቶ እንደነበር ያስጠረጥረኛል። አጠገቡ ቦይ ወይም መሠረት ተቆፍሮ ነበር?

ሳሙና በር

ካቻምና ጎረቤት አጥር ሲሠራ መሠረቱ ከዛፉ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር የተቆፈረው! ይህን ማንም አላሰበውም።

አናጺ ከአራዳ

በቃ ገዳዩ ተገኘ። ጥንዚዛውን ልቀቁት።

ዳባቴ

ጎረቤቱን ደግሞ በላስቲክ እንዳትጠቀልለው።

ደምቢያ

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን ሳቋርጥ ይቅርታ። እኔ ያለሁት ቆላ ድባ ነው፤ ጽሑፉን የምታነብልኝም የምትጽፍልኝም የልጅ ልጄ ናት። ሳሙና በር ያለውን ጥንዚዛ የመሰለ ነገር እኔ ከማሽላ ጎታዬ ሥር አገኛለሁ። ነቀዝ አይደለም፤ ነቀዝን እናውቀዋለን፣ አፈ ሹል ነው። ይህ አፉ ደልደል ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ሩጫ የሚያውቅ ነው። ከላይ ያለው ማሽላ ደህና ነው፤ ከታች ከመሬቱ በኩል ያለው ግን ይሸታል፣ አንዳንዱም ተያይዟል። ከማገዶ እንጨቱ ጋር ገብቶብኝ ይሆን? ጎረቤቶቼ ያንን የእህል ክኒን ጨምሪበት ይሉኛል።

ሰብል ጥበቃ

እትዬ፣ እንኳን ጻፉልን፤ የእርስዎ ጥያቄ ከሳንቃው ይበልጣል። አስቀድሜ ግን ክኒኑን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ ጎታ እንዳይጨምሩ እለምንዎታለሁ። ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ጥንዚዛውን ብቻ አይገድልም፤ ሌሊት ቤተሰብ ሙሉ ይጨርሳል። እርጥብ እህል ላይ ደግሞ ጋዙ ፈጥኖ ነው የሚወጣው።

ያዩት ጥንዚዛ የዋንዛው ዘመድ ነው ቢባል ስህተት የለውም። ዛሬ በዓለም ላይ ጎተራ ከሚያስቸግሩት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች አንዳንዶቹ የቅርፊት ሥር ነዋሪዎች ወገን ናቸው። ሰው እህል በጎተራ መከመር ሲጀምር ጨለማ፣ ጠባብ ክፍተትና ሻጋታ በአንድ ቦታ አገኙ፤ ከቅርፊቱ ወደ ጎታው መሸጋገር አልከበዳቸውም። ከእነዚህ አንዱ ከራሱ ቀጥሎ ባለው የደረቱ ክፍል በግራም በቀኝም ስድስት ስድስት ጥርስ አለው፤ የልጅ ልጅዎ በስልክ ካሜራ አጉልታ ብታየው ትቆጥረዋለች። ሌላው ከእሱ ያንሳል፣ አንቴናው ረጅም ነው። ሦስተኛው በዚሁ የደረት ክፍል በሁለቱ የፊት ማዕዘን ላይ አንዳንድ ጉብታ ያለው ሲሆን፣ የሚኖረው በአብዛኛው በሻጋታው ነው። ይኼኛው ጎታ ውስጥ ተገኘ ማለት እህሉ ረጥቧል ማለት ነው። እሱን መግደል ችግሩን አይነካውም፤ እንዲያውም ምልክቱን ያጠፋብዎታል።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ማሽላውን አውጥተው ከታች የተያያዘውንና የሚሸተውን ለብቻው ይለዩት። የተለየውን አጥቤ፣ ፈጭቼ እበላዋለሁ አይበሉ፤ ለዶሮም አይስጡት። አንዳንድ ሻጋታ የሚተወው መርዝ በመጋገርም በመቀቀልም አይጠፋም። ደህናውን ፀሐይ ላይ አስጥተው በደንብ ያድርቁት። መድረቁን ለማወቅ አንድ ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ይያዙ፣ ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምረው እህሉን ያድርጉበት፣ ክዳኑን ገጥመው ደጋግመው ይነቅንቁትና ያስቀምጡት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ካልተጣበቀ ወደ ጎታው መመለስ ይቻላል። ጎታውን ግን ከመሬት ከፍ አድርገው በድንጋይ ወይም በእንጨት መደብ ላይ ያሳርፉት፤ እርጥበቱ የመጣው ከታች ነው። ሦስት ሽፋን ያለው አየር የማያስገባ ከረጢት ካገኙም መልካም ነው፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ሲያልቅ ነቀዙም ሌላውም ይሞታል። እሱም ቢሆን የሚሠራው በደረቀ እህል ነው።

ደምቢያ

ተባረክ ልጄ። ጠርሙሱን ዛሬ እሞክራለሁ። ጤፉስ?

ሰብል ጥበቃ

ጤፍ ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ ውስጡ ገብቶ ሊያድግበት አይችልም፤ ለዚህ ነው ለዓመታት የሚቀመጠው። እርጥበትን ብቻ ይጠብቁለት።

የደብር ጎረቤት

እኔ የምኖረው በደብረ ብርሃን ሥላሴ አካባቢ ነው። ይህን ክር ሳነብ አንድ የቆየ ክርክር ትዝ አለኝ። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ ውስጥ የደረቀ ጥድና ወይራ ሲኖር ወጣቶቹ «ተባይ ይሰበስባል፣ ይነሣ» ይላሉ፤ አዛውንቱ «ተዉት» ይላሉ። እኔ ከአዛውንቱ ወገን ነኝ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ሥላሴን ያዳነው የንብ መንጋ ነው ተብሎ ሲነገረን ያደግን ሰዎች ነፍሳትን ሁሉ ተባይ ማለት አያምርብንም። ግንደ ቆርቁሩም ቢሆን የሚኖረው በደረቀው ግንድ ውስጥ ባለው ትል ነው። ግን የሳይንሱን ነገር ሰብል ጥበቃ ይንገረን፤ ከደረቀው ጥድ ወደ ሕያው ጥድ ይተላለፋል ወይ?

ሰብል ጥበቃ

ሻጋታ በሎቹ አይተላለፉም፤ ሕያው ጥድ ላይ ሥራ የላቸውም። የጥድ ልብ እንጨት ደግሞ በዘይቱ የተነሳ ቶሎ የሚበሰብስ አይደለም፣ ስለዚህ ከሾላና ከብሳና ጋር ሲነጻጸር የሚያስተናግደው ነፍሳትም ጥቂት ነው። ብሳና ወድቆ አንድ ክረምት ካለፈበት ቅርፊቱ ሥር ገበያ ነው።

የደረቀ ዛፍ የሚቆረጥበት በቂ ምክንያት አለ፤ እሱም መውደቁ ነው። ጥምቀት ላይ በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያን ሁሉ ሕዝብ አስቡት፤ ከሰው ራስ በላይ የተንጠለጠለ የደረቀ ቅርንጫፍ መነሣት አለበት። ከጥንዚዛ ጋር ግን አይገናኝም። ሰው የማያልፍበት ጥግ የወደቀ ግንድ ቢተው ግን ፈንገሱ ያፈርሰዋል፣ ጥንዚዛው ፈንገሱን ይበላል፣ ሌላው ጥንዚዛውን ይበላል፣ መሬቱ አፈር ያገኛል። ሳሙና በር ካየው ጋር ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከሌሎቹ ተለቅ ያለና ጠፍጣፋ ጥንዚዛም ካለ አዳኝ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ የሚፈለፈሉትን የዝንብ ትሎች ይበላል።

ፎቶ አንሺ

ይህ ክር ከጀመረ ወዲህ የግቢያችንን ጉቶ ሁሉ እያገላበጥኩ ነው። በስልክ ላይ የሚሰካ ትንሽ አጉሊ ሌንስ በቂ ነው። ቅርፊቱን ከማንሳታችሁ በፊት ነጭ ጨርቅ ከሥሩ አንጥፉ፤ ስታነሱት የሚረግፈው ጨርቁ ላይ ይታያል። ጨርሳችሁ ስትሄዱ ቅርፊቱን እንደነበረ መልሱት።

ጥያቄ አለኝ። ብሳና ጉቶ ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣ ጠንካራ እንጉዳይ አገኘሁ። ስሰብረው ውስጡ በሙሉ ተቦርቡሮ ጥቃቅን ሲሊንደር የመሰሉ ጥንዚዛዎች ሞልተውታል። አንዳንዶቹ ራሳቸው ላይ ቀንድ አላቸው። ሁለት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ነገር ቀንድ ምን ያደርግላታል?

ሰብል ጥበቃ

ለጠብ ነው። ሲይዴ የተባለው ቤተሰብ ይመስለኛል፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚያ ጠንካራ እንጉዳይ ውስጥ ይፈጃሉ፣ በብዙዎቹም ቀንድ ያላቸው ወንዶቹ ናቸው። በጠባቡ ዋሻ ውስጥ ተቀናቃኛቸውን ይገፉበታል። እንጉዳዩን ክዳን ባለው ጎድጓዳ ዕቃ አስቀምጠው፣ ክዳኑን አየር እንዲያገኝ ብሳው፤ ለወራት ከውስጡ ሲወጡ ታያለህ።

ከእነሱም የሚያንሱ አሉ። ክንፋቸው የላባ ዘርፍ የመሰለ፣ የፈንገስ ዘር የሚበሉ፣ አብዛኞቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ። በዓለም ላይ በልኬት ከታወቁት ጥንዚዛዎች ትንሹ የዚሁ ወገን ነው፤ የሚኖረው በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ነው፣ ከተለኩት ሁሉ ትንሿ 0.325 ሚሊ ሜትር ናት። እንዲህ ያለውን በዓይን ፈልገህ አታገኝም። የፕላስቲክ ጠርሙስ ከወገቡ ቁረጥ፤ የላይኛውን ክፍል ገልብጠህ በታችኛው ላይ አስቀምጥ፤ አንገቱ ላይ ወንፊት አድርግበትና የበሰበሰ ቅርፊት ሙላበት፤ ከላይ አምፖል አብራ። ቅርፊቱ ከላይ እየደረቀ ሲሄድ ነፍሳቱ እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ከሥር ባለው አልኮል ውስጥ ይገባሉ። አምፖሉ ቅርፊቱን እንዳይነካ ተጠንቀቅ፤ እሳት ነው።

ፎቶ አንሺ

ዛሬ ማታ መብራት ካልጠፋ እሞክረዋለሁ።

አይምሬ

እሺ፣ መርዙ ይቅር። ግን እነዚህ ደረቅ እንጨት የሚበሉት፣ ሶፋ ሥር ዱቄት የሚያራግፉት እነማን ናቸው? እነሱንም ተዋቸው ልትሉኝ ነው?

አናጺ ከአራዳ

እነሱን አትተዋቸውም። ቀርከሃና ከልቡ ውጪ ያለውን ነጣ ያለውን የእንጨት ክፍል ይወዳሉ፤ ደረቅነትም አያግዳቸውም፣ ምግባቸው በእንጨቱ ውስጥ ያለው ስታርች ነውና። ከቀዳዳቸው የሚረግፈው በጣት ሲያሹት የላመ ዱቄት ነው። መጀመሪያ ዱቄት ይረግፋል ወይ ብዬ የጠየቅሁት ለዚህ ነበር። እነሱ ያሉበትን ክፍል ቆርጠህ ታወጣለህ ወይም መድኃኒት ታጠጣዋለህ። ዋንዛ ላይ ግን ነጣ ያለውን ዳር አስቀርተህ ልቡን ከወሰድክ እምብዛም አይነኩትም።

ሳሙና በር

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ግንዶቹን መሰንጠቂያ ቤት ወስጃቸው ነበር። የወፍራሞቹ ልብ ንጹሕ ነው፤ ሻጋታው ከዳሩ አልዘለቀም። ቀጭኑ ላይ ጥቁሩ ቀዳዳ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል፣ እሱን ለአግዳሚው እግር እንኳ አልፈለግሁትም፤ ከአጥሩ ጥግ መለስኩት፣ ዶሮዎቹ እየጫሩበት ነው። አሁን ሳንቃውን እንዴት ላድርቀው ጋሼ?

አናጺ ከአራዳ

ጥላ ሥር፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ። ከመሬት በድንጋይ አንድ ክንድ ከፍ አድርገው። በየሳንቃው መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ደረቅ ዘንጎች አስገባ፤ ዘንጎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይዋሉ፣ አለዚያ ሳንቃው ይጠመዘዛል። ሁለቱን ጫፎች ቀለም ወይም ሰም ቀባቸው፣ ከጫፍ ቶሎ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከላዩ ከባድ ድንጋይ ጫንበት። ፀሐይ ላይ አታውጣው። በጋውን ሙሉ ይቆይ፤ ከፋሲካ በኋላ ይዘኸው ና፣ መዝለቁን አይቼ በሩን እሠራልሃለሁ። የማጠፊያውን ብረት ግን አንተ ነህ የምትገዛው።